ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ፤ ደመወዙ እጥፍ ሊደርስ ነው፣ ልሂድ ወይስ ልቅር?

የሽምብጥ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

28 ዓመቴ ነው፣ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ባሕር ዳር ተወለድኩ፣ እዚሁ ተማርኩ፣ እዚሁ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ አራት ዓመት ሠራሁ። ደመወዜ 15,000 ብር ነው። ሽምብጥ ከእናቴ ጋር ስለምኖር ኪራይ የለብኝም። ባለፈው ሳምንት አዲስ አበባ መገናኛ አካባቢ ካለ አንድ ትልቅ ላብራቶሪ ተደወለልኝ። 28,000 ብር እንከፍልሻለን አሉኝ። እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ይፈልጋሉ።

አሁን ያለሁበትን ኑሮ ልንገራችሁ። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ብስክሌቴን ይዤ እወጣለሁ፣ በዘንባባዎቹ ሥር እየነዳሁ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጋውኔን ለብሻለሁ። ምሳዬን ቤቴ ገብቼ ነው የምበላው። ቀደም ብዬ ከወጣሁ ሐይቁ ዳር ቁጭ እላለሁ፣ ፀሐይ በዘጌ በኩል ስትጠልቅ አይና ወደ ቤት። ይሄን ሁሉ ትቼ ልሂድ ማለቴ ለራሴም ይገርመኛል።

ግን ሥራው አለ። እዚህ የማየው አንድ ዓይነት ነገር ነው። ክረምቱ ወጣ ሲል ጀምሮ እስከ ኅዳር ወባ፣ ወባ፣ ወባ። በቀን ስንት ስላይድ እንደማይ አልቆጥረውም፣ ማታ ዓይኔን ስጨፍን ሁሉ ይታየኛል። ከዚያ ሽንት፣ ሰገራ፣ ስኳር። ካልቸር (ከናሙናው ላይ ባክቴሪያውን አሳድጎ መለየት) የምንሠራበት ነገር የለንም። ከበድ ያለ ምርመራ ሲታዘዝ ናሙናውን በበረዶ አሽጌ ወደ አዲስ አበባ የምልከው እኔ ነኝ። ከቀናት በኋላ ውጤቱ በወረቀት ይመጣል፣ አነበዋለሁ፣ ለሐኪሙ እሰጠዋለሁ። አራት ዓመት ሙሉ ሳጥን አሽጌያለሁ። ያንን ምርመራ አንድ ቀን በገዛ እጄ መሥራት እፈልጋለሁ።

እናቴ 63 ዓመቷ ነው፣ ግፊት አለባት። ወንድሜ ውጭ ነው። «ሂጂ ልጄ፣ እኔን አታስቢ» አለችኝ። በዚያው ማታ ውሃ ልጠጣ ብነሳ መብራት አጥፍታ በረንዳው ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች።

28,000 ብር አዲስ አበባ ያኖራል ወይ? ሄዳችሁ የቀራችሁ፣ ሄዳችሁ የተመለሳችሁ፣ ምን አገኛችሁ ምንስ አጣችሁ? እውነቱን ንገሩኝ።

ደመወዝ ሠሪው፦

እህቴ፣ ሥራዬ የሰው ደመወዝ መሥራት ነው፣ ስለዚህ ከስሜቱ በፊት ቁጥሩን እናስቀድም። 28,000 የሚሉሽ ጥቅል ደመወዝ ከሆነ ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆንብሽ።

በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር ከ14,000 ብር በላይ ያለው ገንዘብ ላይ 35 በመቶ ይቆረጣል። ጡረታ ደግሞ ከሠራተኛው 7 በመቶ ነው። ከ28,000 ብር ላይ ግብሩ 7,750፣ ጡረታው 1,960 ይሆናል። እጅሽ የሚገባው 18,290 ብር ነው። አሁን ካለሽ 15,000 ላይ ደግሞ ተቆራርጦ 10,750 ብር ይደርስሻል። በወረቀት ላይ ልዩነቱ 13,000 ብር ነበር፣ ኪስሽ ሲገባ 7,540 ብር ሆነ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አሁንም ከ14,000 በላይ ስለሆንሽ ከሚጨመርልሽ ከእያንዳንዱ ብር 42 ሳንቲሙ መንገድ ላይ ይቀራል።

በ7,540 ብር አዲስ አበባ ውስጥ ለሥራሽ በሚቀርብ ሰፈር ብቻሽን ቤት አትከራዪም። ዛሬ እናትሽ ቤት በነፃ የምታገኚው ነገር ሁሉ፣ ጨውና ሳሙናው ሳይቀር፣ እዚያ ዋጋ አለው። ስለዚህ ደውዪና ሁለት ነገር ጠይቂ። አንደኛ፣ 28,000ው ጥቅል ነው ወይስ የተጣራ? ሁለተኛ፣ የትራንስፖርትና የቤት አበል አለ ወይ? ሰው ይህን መጠየቅ ያፍራል፣ አንቺ እንዳታፍሪ። እነሱ ደውለው ፈልገውሻል።

ቤት ስትከራዪ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፣ ከሁለት ዓመት ማነስም የለበትም፣ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር አይበልጥም። ደላላው «የስድስት ወር ክፈይ» ቢልሽ ሕጉን እንደምታውቂ ንገሪው። ብዙ ሰው የማያውቀው ስለሆነ ነው የሚጭኑበት።

ሊፍት ጠጋኙ፦

እኔም የባሕር ዳር፣ የአባይ ማዶ ልጅ ነኝ። አዲስ አበባ ከገባሁ ስድስት ዓመቴ። ኮዬ ፈጬ ከጓደኛዬ ጋር ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም በ12,000 ብር ተከራይተን እንኖራለን፣ ስድስት ስድስት ሺህ መሆኑ ነው። ሥራዬ ሜክሲኮ አካባቢ ነው።

ስለ ብሩ ወንድማችን ተናግሯል፣ እኔ ስለ ሰዓቱ ልንገርሽ። ከሌሊቱ አስር ሰዓት ተኩል ላይ አላርሙ ይጮሃል። አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሰልፍ ውስጥ ነኝ። በጨለማ ረጅም ሰልፍ፣ ነጠላ የተከናነቡ እናቶች፣ ዩኒፎርም ለብሰው በቁማቸው የሚያንቀላፉ ተማሪዎች። አውቶቡሱ ሲመጣ ሰልፉ ይፈርሳል፣ ጉልበት ያለው ይገባል። ከዚያ ታክሲ፣ ከዚያ ሌላ ታክሲ። ሄጄ ለመመለስ በቀን አራት ሰዓት ይሄዳል፣ ዝናብ ከጣለ አምስት። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ደመርኩት። በወር 22 ቀን ብሠራ 88 ሰዓት መንገድ ላይ ነኝ። በቀን ስምንት ሰዓት ካሰብሽው የ11 ቀን ሥራ ነው፣ ማንም የማይከፍለኝ። አንቺ በብስክሌት ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም አልሽ። እኔ ይህን ሳነብ ልቤ ደነገጠ።

ታዲያ ለምን አትመለስም ትዪኝ ይሆናል። የምጠግነው ሊፍት ነው። ባሕር ዳር እያለሁ በዓመት ስንት ሊፍት እንደነካሁ በጣቴ እቆጥረዋለሁ። እዚህ ከተማ ውስጥ ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝም ሕንፃ አለ። በየሰፈሩ ፎቅ ነው፣ በየፎቁ ሊፍት አለ፣ ሊፍት ደግሞ ይበላሻል። በመጀመሪያው ዓመት ያየሁት ብልሽት ባሕር ዳር አስር ዓመት ብቀመጥ አላየውም ነበር። ከእኔ የሚበልጡ ሰዎች አጠገብ ቆሜ ነው የተማርኩት። አሁን አንድ ሊፍት ሲንገጫገጭ ድምፁን ሰምቼ የቱ ጋ እንደተበላሸ አውቃለሁ። ይህን ማንም አይወስድብኝም።

ያጣሁትም አለ። በገባሁ በሰባተኛው ወር ታይፎይድ ይዞኝ ሦስት ቀን ተኛሁ። በሬን ያንኳኳ ሰው አልነበረም። ባሕር ዳር ቢሆን ጠዋት ካልታየሁ እስከ ምሳ ጎረቤት ሁሉ ገብቶ ነበር። አሁን ደህና ሰው አለኝ፣ ግን ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

ስለዚህ የምልሽ፣ ለብሩ ብለሽ ከሆነ አትምጪ። ለሥራው ከሆነ ነይ፣ ግን ቤት ከሥራሽ አትራቂ። መገናኛ ከሆነ ሰሚት ወይም ገርጂ ፈልጊ፣ ከሰው ጋር ተጋርተሽም ቢሆን።

የሁለት ልጆች እናት፦

የኔ እናት፣ እኔ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የተመለስኩ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ፣ ሁለቱንም ልጆቼን እዚያ ወልጃለሁ። ከተመለስን አራት ዓመት አለፈን።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ይስተካከል። ባሕር ዳር ርካሽ ነው የሚል ሰው ከተማዋን ካየ ቆይቷል ማለት ነው። ቀበሌ 14 አካባቢ የቤት ኪራይ ጠይቁ። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዘይቱም ሳሙናውም መድኃኒቱም ዋጋው ሸሸ። ከአዲስ አበባ በመኪና የሚመጣ ዕቃ ደግሞ መንገዱ ሲያስቸግር እዚህ ከመድረሱ በፊት ሌላ ይጨመርበታል። ጤፉ ከአዴት ነው የሚመጣው፣ አጠገባችን ነው፣ እሱም ቢሆን ከመወደድ አልቀረልንም። ዓሣ እንኳ፣ ሐይቁ እግራችን ሥር ሆኖ፣ ቆሮሶ የምንገዛው አስበን ነው። ውሃ ይጠፋል። መጋቢትና ሚያዝያ ሙቀቱ ሌሊት አያስተኛም። ወባውን አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

ግን ለምን እንደተመለስን ልንገርሽ። ትልቁ ልጄ አምስት ዓመት ሆኖት ከአራተኛ ፎቅ ኮሪደር ወጥቶ አያውቅም ነበር። ትምህርት ቤት በሰርቪስ፣ ከሰርቪስ ወደ ቤት፣ በር ዘግቶ ቴሌቪዥን። እዚህ በመጣን በመጀመሪያው እሁድ አባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አካባቢ ወሰድነው። ጉማሬ ከውሃው ብቅ አለ። ልጄ የአባቱን ሱሪ ጨብጦ ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። ከዚያ በሹክሹክታ «እዚህ ነው የሚኖረው?» አለ። አዎ አልነው። «እኛስ?» አለ። እኛም እዚህ ነው አልነው።

ለትንሿ ልጄ ግን አዲስ አበባን ፈልገናት ነበር። ከተመለስን በኋላ የልብ ሕመም እንዳለባት ታወቀ፣ የሚያክማት ስፔሻሊስት ያገኘነው እዚያ ነው። ሦስት ጊዜ ተመላልሰናል። ልጅ ታቅፎ ሐኪም ፍለጋ የሚሄድ ሰው ስለ ትልቅ ከተማ ክፉ ማውራት አይችልም።

አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ልጅ አልያዝሽም። ለመማር የሚሄድ ሰው በዚህ ዕድሜ ነው የሚሄደው። ብቻ መመለስን እንደ ሽንፈት አትቁጠሪው።

ከፒያሳ የመጣሁት፦

እኔ ተገላቢጦሽ ነኝ። አዲስ አበባ ተወልጄ አድጌ ለሥራ ባሕር ዳር መጣሁ፣ ሦስት ዓመቴ ነው።

ማንም ያልተናገረው ነገር አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ማንም አያውቅሽም፣ ይህ ደግሞ አንዳንድ ቀን ትልቅ እረፍት ነው። እዚህ ገበያ ሄጄ ስመለስ ባጃጅ ነጂው ሳይቀር «ዛሬ አመሸሽ» ይለኛል። በፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ያላገባች ሴት ስትሆኚ ፍቅሩም ይከብዳል።

አዲስ አበባም ቢሆን ለብቻዋ ለምትከራይ ሴት ቀላል እንዳይመስልሽ። ግቢ ውስጥ ክፍል ከተከራየሽ በሩ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ይዘጋል፣ እንግዳ አይገባም፣ ውሃ ስታፈሺ ይቆጠርብሻል። አንዷ አከራዬ ፀጉሬን በታጠብኩ ቁጥር ታጉረመርም ነበር። ላብራቶሪው የማታ ፈረቃ ካለው ይህን ከመከራየትሽ በፊት ጠይቂ።

ሌላው፣ ባሕር ዳር ካልቸር የሚሠራበት ቦታ ጭራሽ የለም ማለት አይደለም። የክልሉ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ላብራቶሪ አለ፣ ጥበበ ግዮን የዩኒቨርሲቲው ማስተማሪያ ሆስፒታል ነው። እዚያ ሞክረሻል?

የሽምብጥ ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። አንድ ሁለቴ ደጋግሜ አነበብኩት።

የመንግሥት ቅጥር ሁለት ጊዜ ተወዳድሬያለሁ፣ አላለፍኩም። ቦታው ጥቂት ነው፣ ተወዳዳሪው ብዙ። አሁንም ቢወጣ እወዳደራለሁ፣ ግን እሱን ስጠብቅ አራት ዓመት አለፈ።

የደመወዙን ስሌት ሳይ ደነገጥኩ። 42 ሳንቲም የሚባለውን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ነገ እደውላለሁ።

የሩቅ ልጅ፦

እህቴ፣ እኔ የምጽፍልሽ ስለ እናትሽ ነው። ሌላውን ሌሎች ነግረውሻል።

ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድሮ ሌሊት ተነስተን፣ የአባይን በረሃ ወርደን ወጥተን፣ ማታ ቤታችን ነበርን። ሩቅ አይመስለንም ነበር። አሁን መንገዱ አንድ ቀን ክፍት ነው፣ አንድ ቀን ዝግ ነው። አቅም ያለው በአውሮፕላን ይሄዳል፣ አንድ ሰዓት ነው። አቅም የሌለው ይጠብቃል።

አባቴ ያረፈው እኔ ስጠብቅ ነው። መታመሙን ማክሰኞ ሰማሁ። መኪና የለም ተባለ። ለአውሮፕላን የሚሆን ብር በእጄ አልነበረም፣ ብድር ጠይቄ እስኪሞላልኝ ሐሙስ ሆነ። ዓርብ ስደርስ ድንኳኑ ተተክሏል። እድርተኛው ሁሉን ጨርሷል፣ ቀብሩ አልፏል። ጎረቤቶቼ ወንበር አመጡልኝና አባቴን እንዴት እንደሸኙት አንድ በአንድ ነገሩኝ። እነሱ ልጆቹ ሆነውለት ነበር። እስከ ዛሬ ቀና ብዬ አላያቸውም።

አትሂጂ ልልሽ አይደለም። አባቴ ራሱ ነው ሂድ ያለኝ። ግን ከሄድሽ በመጀመሪያው ደመወዝሽ የደርሶ መልስ ትኬት የሚሆን ብር ለብቻ አስቀምጪ። እቁብ አትጣዪበት፣ ለሰው አታበድሪው፣ ኪራይ ቢጎድልሽም አትንኪው። ዋጋው ሲጨምር እየሞላሽ ሂጂ። ሁለተኛ፣ የቤታችሁን ትርፍ ቁልፍ ለምታምኑት ጎረቤት ስጪ። ስልኩን በወረቀት ጻፊና እናትሽ መድኃኒቷን የምታስቀምጥበት ቦታ ለጥፊው። ሦስተኛ፣ የእናትሽን እድር አንቺ ክፈይላት፣ አንድም ወር እንዳይዘል።

ሊፍት ጠጋኙ፦

ወንድሜ፣ ነፍስ ይማር። እኔም ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ዛሬውኑ ነው የማስቀምጠው።

የሽምብጥ ልጅ፦

አራት ቀን ቆየሁ፣ ይቅርታ።

ደወልኩ። 28,000ው ጥቅል ነው። በመጀመሪያ ሌላ የለም አሉኝ፣ ቆይተው 3,000 ብር የትራንስፖርት አበል እንጨምራለን አሉ። የማታ ፈረቃ በሳምንት አንድ ቀን ነው፣ በዚያ ቀን መኪና ቤት ያደርሳል። ዋናው ለኔ የጠየቅኩት ሦስተኛው ነው፤ የትኛው ክፍል ነው የምመደበው አልኩ። ማይክሮባዮሎጂ አሉኝ፣ ካልቸሩ የሚሠራበት ክፍል። ስልኩን ስዘጋ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከእናቴ ጋር ቁጭ ብለን ይህን ሁሉ አነበብኩላት። የሩቅ ልጅ፣ ስለ አባትህ የጻፍከውን ስትሰማ እንባዋ ወረደ፣ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ከዚያ ተነሳችና ከቁም ሳጥኑ ላይ የቡና ቆርቆሮ አወረደች። በውስጡ ብር ነበር፣ ለክርስትና፣ ለሐዘን፣ ለምን ለምን እያለች ያጠራቀመችው። «ይሄ ትኬቱ ነው፣ ከመጀመሪያው ደመወዝ በፊት ቢሆንስ?» አለች። አልወስድም አልኩ። ቆርቆሮው እዚያው ይቀመጥ፣ እኔም እሞላበታለሁ ተባባልን። ቁልፉን ለጎረቤታችን ሰጥተናል። ልጇ ነርስ ናት፣ በየሁለት ሳምንቱ ግፊቷን ልትለካላት ቃል ገብታለች።

እሄዳለሁ። ለሁለት ዓመት ነው ያልኩት፣ ለራሴም ለእናቴም። በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቸሩን፣ የባክቴሪያ መለየቱን፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ማየቱን ጥንቅቅ አድርጌ መማር እፈልጋለሁ። ከዚያ እዚህ የሚከፈት ቦታ ካለ ያንን ይዤ እወዳደራለሁ።

አሁን ሁለት ነገር እፈልጋለሁ። ሰሚት ወይም ገርጂ አካባቢ ክፍል የምትጋራ ሴት የምታውቁ በውስጥ ጻፉልኝ፣ እስከ 6,000 ብር እችላለሁ። ሌላው ብስክሌቴ ነው። እናቴ አትሽጪው ትላለች፣ እኔም አልሸጠውም። ግን ከሰሚት መገናኛ በብስክሌት የሚሄድ ሰው አለ ወይ? ዳገቱ ምን ያህል ነው?